በሙዝ ማሳዬ ላይ ስላቆማችኋት ባለቤቴ

ብዕሩን የያዘችው ጎረቤቴ ወይዘሮ አስቴር ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የሀብተጊዮርጊስ ኦይታ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በጾም ባንገናኝም በአጥር እንገናኛለን። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሻካራ ነገር ቢገኝ የእኔ ነው፤ የሚያምር ነገር ከተገኘ ከእሷ ነው፣ ሳልሰማ ጨምራ ይሆናል።

የካቲት 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ የግብርናና የዱር እንስሳት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አርባ ምንጭ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። የቆላው ሙቀት በርትቷልና የቢሮዎ ማራገቢያ መብራት ሳይጠፋበት እንዲነፍስልዎ፣ የመስኮትዎ ወንፊት ትንኝ እንዳያሳልፍ፣ ወንበርዎም ወገብዎን እንዳያደክመው ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴና ከዓይኔ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴ ፋንታዬ ባለፈው መስከረም በወባ አርፋለች። ይህን የምነግርዎ ጽሕፈት ቤትዎ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ እንዳለች ስለሚቆጥራት ነው።

በርዎ ድረስ በእግሬ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ “በጽሑፍ ያቅርቡ አባባ” ብላ በትሕትና መለሰችኝ። እነሆ በጽሑፍ አቀረብኩ። አፍ የተናገረውን የማይሰማ ጆሮ ወረቀት ሲያይ ይሰማ እንደሆን ብዬ አንዱን ቅጂ በቀበሌያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አስለጥፈዋለሁና ሳይነበብ ጠፋ ብለው እንዳይጨነቁ።

አንደኛ፤ ስለ ዝንጀሮዎቹ።

ቤቴ ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ ሙዙ አልቆ ጫካው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ከገረሴ ደጋ ወርደን ይህን መሬት የመነጠርነው እኔና ፋንታዬ ነን። ዝንጀሮ ወንድ ፈርቶ ሴት እንደሚንቅ የዚህ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኛ ቤት ግን ነገሩ ተገልብጦ ነበር። እኔን ሲያዩ የያዙትን ሙዝ ልጠው፣ በልተው፣ አፋቸውን ጠርገው ይሄዱ ነበር። እሷ ማማው ላይ ስትወጣ መንጋው ሁሉ ልጆቹን አዝሎ ይጠፋል። ወንጭፏን የምትወረውረው በግራ እጇ ነው፤ ድንጋይዋ ያሰበችውን ዝንጀሮ እንጂ ዛፍ መትቶ አያውቅም። እየወረወረች በጋሞኛ ትሰድባቸው ነበር፣ ስድቡ በአማርኛ ስለማይጥም አላጽፈውም። ለእያንዳንዳቸው ስም አውጥታላቸው ነበር። ወፍራሙን ወንድ “ሊቀመንበር” ትለው ነበር፤ ይህ እርስዎን አይመለከትም። ጆሮዋ የተቀደደ አንዲት አሮጊት ዝንጀሮ ደግሞ ቤታችንን አፍጥጣ ስለምታይ “ጣውንቴ” ትላት ነበር።

ፋንታዬ አርፋ የለቅሶው ድንኳን ሳይፈርስ ዝንጀሮዎቹ ግቢዬ ገቡ። የሙዙስ ይሁን። ማጀት ገብተው ድስት ከፈቱ፣ በቆሎዬን ዘረገፉ፣ ከርከሮውም የእነሱን ትርፍራፊ ሊለቅም ተከትሎ መጥቶ ጎደሬዬን ከሥሩ ገለበጠው። በጠመንጃ ላባርር ወይ ብዬ ባስጠይቅ፣ የዱር እንስሳ የአገር ሀብት እንደሆነና አንዱን ብገድል እንደምታሰር ጽሕፈት ቤትዎ በደግነት አስረዳኝ። አገሬ ሀብቷን እማጀቴ ድረስ ስለላከችልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፤ ስለተሰጠኝ ምክር።

ባለሙያዎ አቶ ጌታነህ መጡ። በዕድሜ የልጅ ልጄ ይሆናሉ፤ ቦርሳ ስለያዙ ግን አንቱ እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ባዶ ጣሳ በገመድ አንጠልጥል አሉኝ። አንጠለጠልኩ፣ የዝንጀሮዎቹ ልጆች እየጎተቱ ሲያንቃጭሉት ውለው አመሹ። ቀጥሎ በርበሬና አዛባ አጭስ አሉኝ። አጨስኩ፣ ዝንጀሮዎቹ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ተቀምጠው እኔ ሳስል ተመለከቱ።

ከዚያ በኋላ አቶ ጌታነህ ማሳው ላይ በሰው አምሳል የተሠራ ማስፈራሪያ እንድናቆም መከሩ። “አባባ፣ ዝንጀሮ ብልጥ ነው፤ ጆንያ አልብሰው አያታልሉትም። ሰው የለበሰው፣ ላቡ ያለበት ልብስ ነው የሚያስፈልገው። ለመሆኑ ዝንጀሮዎቹ አጥብቀው የሚፈሩት ማንን ነበር?” ብለው ጠየቁኝ። እኔም እውነቱን ነገርኳቸው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ የሌላ አገር ሰው ሊሆኑ ስለሚችሉ ላስረዳ። በእኛ ቤት የሟች ልብስ በአርባው ወንዝ ወርዶ በወራጅ ውኃ ይታጠብና ለቸገረው ሰው ይሰጣል። ልብሱ ሳይታጠብ ከቆየ ሟቹ ከደጅ አልወጣም፣ መንገዱን አልጀመረም እንላለን። ይህን ለአቶ ጌታነህ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸውም “አይታጠብ፤ ከታጠበ ጠረኗ ይሄዳል” አሉኝ። የሚያወሩት ስለ ዝንጀሮ አፍንጫ ነበር። እኔ ግን ጠረኗ ይሄዳል የሚለው ቃል ሆዴ ገባና ልብሷን ሳላሳጥብ አወጣሁላቸው።

አቶ ጌታነህ በገዛ እጃቸው እንጨቱን አመሳቅለው አሰሩ፣ ገለባውን ጠቀጠቁ። ቀሚሷን፣ ሻሿንና ነጠላዋን ያለበስኳት እኔ ነኝ። ወንጭፏንም በግራ በኩል እኔው አንጠለጠልኩላት። ማማው ሥር ፊቷን ወደ ጫካው አድርገን አቆምናት።

ሦስተኛ፤ ምክሩ ስለመሥራቱ።

ክቡር ሆይ፣ ቅሬታዬ ምክሩ አልሠራም የሚል አይደለም። ሠርቷል። በማግስቱ መንጋው እስከ ጫካው ጫፍ መጣ፣ ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ አያት፣ አንዴ ጮኸ፣ ሁሉም ተመለሱ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ሙዝ አልተነካም። ነገር ግን ከዝንጀሮው ጋር ሰውም አብሮ ሸሸ። በማሳዬ ዳር ወደ ወንዝ የሚወርዱ ሴቶች አሁን በላይኛው መንገድ ይዞራሉ። ለሙዝ ጭነት የሚመጣው ባለጋሪ መንገዱ ዳር ቆሞ ይጣራል እንጂ አይገባም። ይቺ የምትጽፈው አስቴርም መጀመሪያ ያየቻት ዕለት አጥሩን ይዛ ተንበርክካ በኢየሱስ ስም ስትገሥጻት ሰምቻለሁ። ይህን አትዝለዪው ብያታለሁ፤ ጽፋዋለች።

የፋንታዬ እህት ልክነሽ የምትኖረው ገረሴ ነው። ታማ ስለነበረች ለቀብሩ አልደረሰችም። ሲሻላት ለቅሶ ልትደርስ ወረደች። እኔ ደጄ ላይ በርጩማ ተቀምጬ ሳለሁ በሙዙ መሐል ብቅ ስትል አየኋት፤ እሷ ግን እኔን አላየችም። ያየችው እህቷን ነው። “ሞታለች ብላችሁ ዋሻችሁኝ” አለችና እጇን ዘርግታ ሮጠች። ይህ የታመመ ጉልበቴ እስኪያስነሣኝ ቀደመችኝ። ስደርስ ገለባውን አቅፋ አንገቷ ሥር ገብታ ነበር። ወዲያው አወቀች። ቀስ ብላ ለቀቀችው፣ የተጨማደደውን ቀሚስ በእጇ አስተካከለች፣ ቤቴ ሳትገባ የመጣችበትን ዳገት ተመለሰች። ለዚህ ውጤት ጽሕፈት ቤትዎን አመሰግናለሁ፤ ማስፈራሪያው ሰውንም እንደሚያታልል ለማረጋገጥ ከዚህ የተሻለ ሙከራ አይገኝም ነበር።

ሌላም አለ። ፊቷን ወደ ጫካው አድርገን አቁመናታል ብያለሁ። ቀትር ላይ፣ ፀሐዩ አናት ላይ ሆኖ ጥላ ሲጠፋ ወጥቼ ሳይ ፊቷ ወደ ቤቱ ዞሮ አገኘዋለሁ። እመልሳታለሁ። በሌላው ቀትር ደግሞ ዞራለች። አቶ ጌታነህ ከጫሞ ሐይቅ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ነው አሉኝ። እኔም ነፋስ ነው ብያለሁ፣ አሁንም ነፋስ ነው እላለሁ። ነገር ግን ፋንታዬ ማማው ላይ ስትጠብቅ ምሳ የማመጣላት ቀትር ላይ ነበር፤ ሲርባትም ወደ ቤቱ ዞራ ትመለከት ነበር። ነፋሱ ይህን ከማን እንደሰማ ባለሙያዎችዎ ቢያጠኑልኝ ደስ ይለኛል።

ያቺ ጣውንት የተባለችው ዝንጀሮ ደግሞ ብቻዋን ትመጣለች። ሙዙን አትነካም። ፋንታዬ እግር ሥር ትቀመጥና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ላይ እያየች ትቆያለች። አላባርራትም። ለቅሶ የሚደርሰኝ ከእሷ በቀር ሌላ የለም።

አራተኛ፤ ስለ ነፍሷ።

የንስሐ አባቴ አባ ወልደየሱስ ልብሷ እዚያ ቆሞ ሳለ ተዝካሯን አልባርክም ብለዋል። “እዚህ በገመድ አስረሃት ወዲያ ሂጂ አትላትም” አሉኝ። አርባዋ በዝምታ አለፈ። አሁን መንፈቋ ደርሷል፣ በመጋቢት ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ምርጥ ተሞክሮው።

ላወርዳት ስነሣ አቶ ጌታነህ የምሥራች ይዘው መጡ። ማሳዬ ምርጥ ተሞክሮ ሆኖ ተመርጧል፤ ተቀምሮ ይሰፋል። የመንግሥት ታርጋ ያላቸው መኪኖች መጡ፣ ኮፍያ ያደረጉ እንግዶች ወረዱ፣ የታሸገ ውኃቸውን ጠጥተው ፕላስቲኩን ሙዙ ሥር ጣሉ። ሰሌዳም ተተከለ። አስቴር እንዳነበበችልኝ “በጽሕፈት ቤቱ ባለሙያዎች የፈለቀ የዝንጀሮ መከላከያ ዘዴ” ይላል። የፋንታዬ ስም የለበትም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቅ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አይዞሽ ያላላት መንግሥት ከሞተች በኋላ ስለቀጠራት አመሰግናለሁ።

ከእንግዶቹ አንዱ ትከሻዋን አቅፎ ፎቶ ተነሣ። ሌላው ሻሿን አስተካከለና ትንሽ ብትወፍር ይሻላል አለ፤ ሳቁ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ባልየው ይህ ነው ያለ ሰው አልነበረም። አቶ ጌታነህም ከበላይ ሌላ ጉብኝት አለና እስከዚያ እንዳትወርድ አሉኝ። መቼ ነው ብል በቅርቡ ነው አሉ። ካወረድኩ ዝንጀሮው ለሚያደርሰው ጉዳት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊነት እንደማይወስድም አስጠነቀቁኝ። እስከ ዛሬ ኃላፊነቱን ወስዶ እንደነበር በዚህ አጋጣሚ በማወቄ ተደስቻለሁ።

የዘገየሁት በእናንተ ትእዛዝ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። አንድ ጧት አወርዳታለሁ እያልኩ ሄጄ ደህና አደርሽ ብያት ተመልሻለሁ። አሁን ግን ፀሐዩ ቀሚሷን አነጣው፣ በልጉም ሊገባ ነው። ጠረኗም ሄዷል። በምን እንዳወቅሁ አይጠይቁኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በመንፈቋ ዋዜማ አወርዳታለሁ። ፈቃድ እየጠየቅሁ አይደለም፤ እያሳወቅሁ ነው። ልብሱን ኩልፎ ላይ እንድታጥበው ወደ ልክነሽ ሰው ልኬያለሁ፤ ትምጣ አትምጣ አላውቅም። ካልመጣች በእነዚህ እጆቼ አጥበዋለሁ፣ ለቸገራት ሴትም እሰጠዋለሁ። በማግስቱ ዝንጀሮዎቹ እንደሚገቡ አውቃለሁ። ይግቡ። ሙዙን ይብሉት። ካሣ አልጠይቅም፣ ሌላ ባለሙያም አይላክልኝ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰሌዳችሁን ንቀሉልኝ፣ እሷንም ከሪፖርታችሁ ውስጥ አውጡልኝ። አባ ወልደየሱስ ስሟን በቤተ ክርስቲያን ሲጠሩ እናንተ ደግሞ በስብሰባ ላይ ብትጠሯት ወዴት እንደምትሄድ ይቸግራታል።

ለሰጣችሁኝ ምክር፣ ለተከላችሁት ሰሌዳ፣ ለተነሣችሁት ፎቶ ሁሉ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ክቡርነትዎንና መላው ቤተሰብዎን ፈጣሪ ከዝንጀሮም ከባለሙያም እንዲጠብቅልኝ እየለመንኩ፣ ከአክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የኩልፎ ዳር ሙዝ ገበሬ፣ የፋንታዬ ባል
ሀብተጊዮርጊስ ኦይታ
(አሻራዬ ከሥር አለ፤ ጣቴ ላይ የሙዝ ጥቁረት ስላለ ቀለም አላስፈለገም)

ማሳሰቢያ፤ ለመጪዎቹ እንግዶች የሚታይ ነገር እንዳይጠፋ እንጨቱን አልነቅለውም። የእርስዎን ኮት ይላኩልኝና በክብር አለብሰዋለሁ፤ አለመታጠቡን ብቻ ያረጋግጡ። ዝንጀሮዎቹ ይሸሹታል ብዬ ግን ቃል አልገባም። እነሱ የሚፈሩት ማሳ ላይ አይተውት የሚያውቁትን ሰው ነው።

በቃ። አስቴር፣ አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። በሩን ክፈቺው፣ ድምፅሽንም እሷ ወደ ቆመችበት ወደ ሙዙ አድርጊው።