የዋንዛ ጎማ ያላት መኪና

ባሕር ዳር፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.

ይድረስ በፕራግ ለሚማረው ታላቅ ወንድሜ ለሱሌማን። ሰላምታዬ የጣናን ውኃ ተሻግሮ እጅህ ይግባ። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።

ለአባባ የላክሃት ተገጣጣሚ የፕላስቲክ መኪና ደርሳለች። ካርቶኑ ላይ የተሳለችው የድሮ ጥቁር መኪና ታምራለች፤ ስንከፍተው ግን በሮቹ ከጣሪያው አይገጥሙም፣ ማጣበቂያው ደርቋል፣ ጎማዋም ሦስት ብቻ ነው። እኔ ልጥላት ስል አባባ፣ «ስንት ጀልባ የሠራሁ ሰው በዚች አልሸነፍም» ብለው በሮቹን በሞረድ አስተካከሉ፤ አራተኛውን ጎማ ከዋንዛ ጠርበው ገጠሙላት። ትንሽ ብታዘነብልም ቆማለች።

ያለፈው ማክሰኞ ሁለት ሰዎች ከቀበሌ መጥተው መቼ እንደምትመለስ ጠየቁን። ካርቶኑን ገልብጠው አድራሻህን በደብተራቸው ጻፉ። አንደኛው መኪናዋን አይቶ፣ «ይቺ የመሳፍንት መኪና ናት፤ ከመስኮት ላይ አንሷት» አለ።

አባባ፣ «አንዱን ጎማ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የሠራተኛ መኪና ናት» አሉት። አሁንም መስኮቱ ላይ ናት።

ሁለተኛ ዲግሪ አለ ብለህ ነበር፤ ሳትቸኩል እሱንም ተማር። ለክረምቱ እመጣለሁ ያልኸውን ተወው፤ የምትተኛበት የለም። አልጋህን ጎርጎራ ላለችው አክስታችን ልከንላታል። ፈትተው ጀልባ ላይ የጫኑት አባባ ራሳቸው ናቸው፤ ጀልባዋ ከዓይን እስክትጠፋም ከውኃው ዳር አልተመለሱም።

አላህ ባለህበት ያቆይህ።

እህትህ ሸሪፋ