ስታፍ የያዘችልኝ እህቴ

ጥቅምት 6

ቅዳሜ። ገበያው የሚደራበት ቀን፤ እኔ ግን ሜዳ ላይ ዋልኩ። የሳምንት መጨረሻ ተማሪ መሆን ይኸው ነው... ሱቁ ሰው ሲሞላ ባለሦስት እግር መሣሪያ ተሸክሜ ጉብታ እወጣለሁ። ሲቪል ምህንድስና፣ ሦስተኛ ዓመት። አርባ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ጨርቅ ሻጭ። የክፍሉ ልጆች "ወይዘሮ ጣቃ" ይሉኛል። ይበሉ።

ከፍታ የምንለካበት ሌቭል አሮጌ ነው። በመነጽሩ ሲያዩ ዓለሙ ይገለበጣል። ዛፍ ከላይ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ሰው በእግሩ ሰማይ ይረግጣል። ልጆቹ አዲሱን ለማግኘት ይሻማሉ፤ እኔ አሮጌውን እወደዋለሁ። ለምን? እንጃ።

ሱቅ ስመለስ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ጣቃዎቹን እያጠፈች ነበር። ብቻዋን ስትሸጥ ውላ ድምጿ ዘግቷል። ቀና ሳትል፣ "ሜትር መለካት ካማረሽ እዚሁ ነበረልሽ" አለችኝ። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ጥቅምት 13

ዛሬ ኮንቱር ተማርን። ከፍታቸው እኩል የሆኑ ቦታዎችን የሚያያይዝ መስመር። ልጆቹ ጭንቅላታቸውን ሲያኩ እኔ ወዲያው ገባኝ። ጠረጴዛ ላይ የተጣለ ሐር ነው... እጥፋቱ ሲቀራረብ ገደል፣ ሲራራቅ ሜዳ።

አውቶቡስ ውስጥ አሸለበኝ። በሕልሜ ከተማው በሙሉ አንድ ጣቃ ሆኖ ጫፉን ይዤ ስስበው ቤቶቹ ቀስ ብለው ወደኔ ይንሸራተታሉ። አንድም አልፈረሰም። ፌርማታዬ አለፈኝ።

ጥቅምት 15

እትዬ ተናገረች። ሱቁ የሁለታችን ነው፣ እኩል። ጎረቤታችን ጫማ ሻጩ ድርሻሽን ልግዛ ብሏታል። "ወይ ትምህርቱን ተዪ፣ ወይ እኔ እወጣለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ አስቢበት።" ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ከፍ ብታደርገው ይሻለኝ ነበር።

ረጋ ብዬ ላስበው። ድርሻዋን ለመግዛት አቅሙ የለኝም። ከጫማ ሻጩ ጋር ልሥራ? ሰውየው ደንበኛን የሚያናግረው እግሩን እያየ ነው፤ ዓመት አንዘልቅም። ትምህርቱን ልተው? ነጋዴ መክሰሩን በጊዜ ማወቅ አለበት፣ እውነት ነው። ግን ከስሬያለሁ እንዴ?

ደግሞስ እሷ ከሌለችበት ምኑን ሱቅ ሆነ... እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ጥቅምት 18

ዛሬም ሰላምታ ብቻ። ጣቃ ስንጠቀልል ጫፍና ጫፉን ይዘን እየተቀራረብን እንመጣለን፤ እጃችን ሊነካካ ሲል ትለቀዋለች።

ጥቅምት 24

ቅዳሜ የተሰጠን ሥራ ከወንዙ ዳር እስከ ኮረብታው አናት የሚወጣ መንገድ መንደፍ ነው። መምህሩ፣ "መንገዱን ከመሳላችሁ በፊት ሂዱበት፣ በሐሳብም ቢሆን" ብሏል። እኔም ሱቅ ተቀምጬ ስሄድበት ዋልኩ። የት ላይ ትንፋሽ ያጥራል? የት ላይ ሰው ዞር ብሎ የመጣበትን ያያል? በልብስ ሰፊ ጠመኔ ባንኮኒው ላይ ኩርባውን ሣልኩት። አንዲት ደንበኛ አይታ፣ አንገትጌ ነው ወይ አለችኝ። የኮረብታ አንገትጌ ነው አልኳት። ሦስት ሜትር ገዝታ ሄደች።

የኮረብታው ከፍታ እሑድ መለካት አለበት፣ ማስረከቢያው ሰኞ ነው። አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ ጃንጥላ እንለዋለን፣ መሣሪያውን ከፀሐይ የሚከልለው እሱ ስለሆነ። ታሟል። ሥራው ደግሞ ያለ ሁለት ሰው አይሆንም።

ጥቅምት 28

እትዬን ለመንኳት። ስለምን ደፈርኩ? ሌላ ሰው ስላልነበረኝ። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ሻርፗን ጣል አድርጋ ተከተለችኝ።

ስታፉን፣ ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ዘንግ፣ ሰጠኋት። ድንጋይ ላይ ታቆመዋለች፤ ወደፊትና ወደኋላ በቀስታ ታወዛውዘዋለች፤ እኔ ከማየው ሁሉ ትንሹን ቁጥር እመዘግባለሁ። ያኔ ነው ዘንጉ ቀጥ ያለው። ርቀቱ አያነጋግርም፤ በእጅ ነው የምንግባባው።

በመነጽሩ አየኋት። ተዘቅዝቃ... እግሯ ሰማይ ላይ፣ ሻርፗ ወደ ላይ እየፈሰሰ፣ ዘንጉን እሹሩሩ እንደሚሉት ሕፃን ታወዛውዛለች። ቁጥሩን ማንበብ ረሳሁ። እኔንም እንዲህ አድርጋኝ ይሆን? እጇን አንስታ "ምን ሆንሽ?" የምትል መሰለኝ። ጻፍኩ።

ወጣን፣ ወረድን፣ ዞረን ከተነሳንበት ደረስን። እዚያው ሲመለሱ የወጡትና የወረዱት እኩል መሆን አለበት። ደመርኩ። አንድ ስንዝር ይጎድላል። ደግሜ ደመርኩ። ያው ስንዝር።

እትዬ በትከሻዬ በኩል አየችና፣ "ለደንበኛ ምራቂ የምንሰጣትን ታህላለች፤ ጨምሪበትና እንሂድ" አለች። ስንዝር ውሃን ወደ ሰው ግቢ እንደሚመልስ ነገርኳት። መንገድ ላይ ዘንጉን ከድንጋዩ አንስታ እንደሆነም ጠየቅኳት።

"መሣሪያሽን ይዘሽ ስታልፊኝ ጋሪ መጣ። ለቀቅኩለት። ከጎኑ ሌላ ድንጋይ ነበር፣ እዚያ ላይ ቆምኩ። ለሰው መንገድ መልቀቅ ነውር ነው?"

አልተቆጣሁም። ሕጉን ቀድሜ ያልነገርኳት እኔ ነኝ። "እኔ ስሄድ አንቺ ትቆሚያለሽ። አንቺ ስትሄጂ እኔ እቆማለሁ። ሁለታችን ባንድ ጊዜ ከተነቃነቅን የለካነው ሁሉ ይጠፋል።"

ዘንጉን ተደግፋ ቁልቁል ከተማውን አየች።

"እኔስ ምን አልኩሽ?" አለች። "ሦስት ዓመት ሙሉ እየሄድሽ ያለሽው አንቺ ነሽ። እኔ ቆሜያለሁ። ተራዬ መቼ ነው?"

በዋጋ ክርክር ማንም አያሸንፈኝም፤ ይኼ ግን ዋጋ አልነበረም። እኔ ትምህርቴን ጠልታ መስሎኝ ነበር እኮ። እሷን መቆሙ ነው የታከታት...

"የት መሄድ ትፈልጊያለሽ?" አልኳት።

ከልቧ ሳቀች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። "የትም። መኪና መንዳት ነው የምፈልገው። በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ አትሳቂብኝ።"

"ማክሰኞና ሐሙስ ሱቁን እኔ እይዛለሁ፣ ብቻዬን። ቅዳሜን አንቺ።"

"ስትደክሚ ትክጂኛለሽ።"

"ከከዳሁሽ ድርሻሽን ለጫማ ሻጩ ሽጪ። ራሴ እፈርምልሻለሁ።"

አሰበች። እሷም ነጋዴ ናት፤ ቶሎ እሺ አትልም። "መጀመሪያ ይኼን ኮረብታሽን ጨርሺ" አለችና ዘንጉን ተሸክማ ወደ መጀመሪያው ድንጋይ ተመለሰች። ሁሉንም እንደገና ለካን። ፍየሎች መጡ፣ አልተነቃነቀችም። ሌላ ጋሪ መጣ፤ ባለጋሪው ሲጮህባት በጣቷ ዙርያውን አሳየችው። ዞሮ ሄደ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድምሩ ገጠመ።

ጥቅምት 30

ሥራው ተቀባይነት አገኘ። ጫማ ሻጩ መልስ ፈልጎ ሲመጣ እትዬ ወንበር እንኳ አላቀረበችለትም። ድርሻዬን አልሸጥም፣ ይልቅ ለእግሬ የሚመች ጫማ አምጣ፣ ፍሬን መርገጫ አለችው። ግራ ገብቶት ሄደ።

ኅዳር 14

ማክሰኞ። ብቻዬን ነኝ። ሰው መብዛቱ... አንዷን ስለካ ሌላዋ ጣቃ ታወርዳለች፣ ሦስተኛዋ ዋጋ ትጠይቃለች። ይኼን ነው ለካ እትዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትችለው የኖረችው። ምሳዬን አልበላሁም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደጅ ጡሩምባ በጡሩምባ ሆነ። መቀስ እንደያዝኩ ወጣሁ። የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ መኪና በሰው እርምጃ ይመጣል፤ ኋላው የመኪና ሰልፍ። መሪው ላይ እትዬ። ሁለት እጇ ጭብጥ፣ አፏ ግጥም፣ ከጎኗ አስተማሪው በሩን ጨብጦ። እጄን ላነሳ ብዬ ተውኩት። በሱቃችን በር፣ በፊቴ አለፈች፤ ዐይኗን ከመንገዱ ላይ አላነሳችም።

አላየችኝም። ደስ አለኝ። ኩርባው ጋ ደርሳ እስክትታጠፍ ቆሜ አየኋት።