ጆንያው ያለበት ስንኝ

ለወንድሜ ለታዲዮስ ሄራሞ
ባለህበት ጆሃንስበርግ

ጌታ እስከ ዛሬ የጠበቀህ ወንድሜ ታዴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ሐዳሳስ እንዴት ናት፣ ጨጓራዋ ተሻላት? ትንሿ ልጃችሁ ጵርስቅላ ጥርስ አወጣች ወይ? ሱቃችሁስ ሰላም ነው፣ ሌባው ቀለል አለላችሁ? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። እናታችንም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። አባባ ካረፈ ወዲህ ደጅ መቀመጥ ትታ ነበር፣ አሁን ጀምራለች።

ለምን አልደወለችም ትል ይሆናል። በስልክ አንተን የሚችልህ የለም። ነገሩን ስጀምር ትስቃለህ፣ ካልሳቅክ ኔትወርኩ ይቆረጣል፤ ኔትወርኩ ደግሞ ሁልጊዜ ለአንተ ሲመችህ ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ ይህን ወደዚያው በሚመለስ የሆሳዕና ሰው እጅ ልኬልሃለሁ። ፖስታውን ዙሪያውን በፕላስተር አሽጌዋለሁ። ተነካክቶ ከደረሰህ ንገረኝ፤ ሰውየው ሲቀበለኝ አስተያየቱ አላማረኝም።

ሲላስን አታውቀውም። አንተ ከሄድክ በኋላ ከሸቤ መጥቶ ለመዘምራኖቻችን ጊታር የሚመታ ልጅ ነው። መዝሙር የምንሠራው እንዲህ ነው፦ እሱ ዜማውን አስቀድሞ ይሠራና ጊታሩን እየመታ በአፉ ላላላ እያለ በቴሌግራም ይልክልኛል። እኔ ቡና እየለቀምኩ ደጋግሜ እሰማና ቃል አገባበታለሁ። ቃሉ ከምቱ ካለፈ ጊታሩ ወደ ሌላ ኮርድ ይሄድና ቃሉ ብቻውን ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለ አባባ የጻፍኩትንም ግጥም የሠራነው በዚሁ መንገድ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ሲላስን ከመጀመሪያውም አላመንኩትም ነበር። ዜማው ካለው በኋላ ቃል የሚፈልግ ሰው ቃሉ ለእሱ ምኑ ነው እያልኩ ነበር።

ባለፈው ወር ከጅማ ስመለስ የሚኒባሱ ሾፌር መዝሙር ከፍቶ ነበር። የማላውቃት ሴት ናት የምትዘምረው። ዜማው ሌላ ነው፣ አዝማቹ ግን ቃል በቃል የእኔ። ጆሮዬን ሳቀና ሾፌሩ ስልክ ተደወለለትና አጠፋው፣ መልሶም አልከፈተው። ሰርቦ እንደወረድኩ ቤት እንኳ ሳልገባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹ ሄድኩ። ግጥሜን ሲላስ አሳልፎ ሰጥቶታል፣ ዜማውን ያስለወጠውም እንዳይነቃበት ነው አልኳቸው።

ጠርተው ጠየቁት። ለማንም አልሰጠሁም ብሎ ዝም አለ። ንጹሕ ሰው ቢሆን በቁጣ ይጮህ ነበር ብዬ ዝምታውንም ከጥፋቱ ቆጠርኩበት። ነገሩ እስኪጣራ ጊታር እንዳይነካ ወሰኑ። እሱም ጊታሩን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ወደ እናቱ ወደ ሸቤ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የምንዘምረው በጭብጨባ ነው።

ፈድሊያን መቼም አትረሳትም፤ አባባ ዕድሜውን ሙሉ ጆንያ የተሸከመው በባሏ መጋዘን አይደል። ባለፈው ማክሰኞ ቤቷ ቁጭ ብለን ነገሩን ሳወራላት፣ ልጇ መዝሙሩን ከስልኳ ፈልጋ ከፈተችልን። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ሴትዮዋ «የቡና ጆንያ ያጎበጠውን የአባቴን ጀርባ አንተ ቀና አደረግከው» አለች። ፈድሊያ ወላሂ አጸደ፣ ይሄ የአባባ ሄራሞ ጀርባ ነው፣ ሚቲ፣ አይደለም እንዴ? ብላ በሻሿ ጠርዝ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ግን ልጅቷን መልሰሽ አሰሚኝ አልኳት።

ይህ ስንኝ ሲላስ ጋ ደርሶ አያውቅም ታዴ። የእሱ ዜማ አጭር ነው፤ ጆንያው አልገባ ቢለኝ ሲላስ ሳያየው እዚሁ ቤቴ እያለቀስኩ ቆርጬ ጣልኩትና «የአባቴን ጀርባ አንተ አቀናኸው» ብቻ ብዬ ሰጠሁት። ጆንያው ያለበትን የሰማ አንድ ሰው ነው። ለቀብር መድረስ ስላልቻልክ በለቅሶው ሳምንት ደውለህ የጻፍሽውን አንብቢልኝ ብለህ ለመንከኝ። አነበብኩልህ። ድገሚልኝ አልክ፣ ደገምኩልህ። ያኔ ድምፅህ ሲጠፋ መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው እየቀዳኸኝ ነበር።

ሌላም አለኝ። በመስከረም ሐዳሳ አጸደ፣ መዝሙሩን ሰማሽው ወይ ብላ ስትጀምር ስልኩን ከእጇ ወስደህ ስለ ዝናቡ ጠየቅከኝ። በበዓል እንኳ ትዝ የማልልህ ሰውዬ ያለ ምክንያት ጫማ ላክህልኝ። ልኬ ነው፣ አመሰግናለሁ፤ ግን እስካሁን አላደረግኩትም። ምን አድርገህ ነው? ግጥሙን ሸጥከው? የእኔ ነው ብለህ ለዘማሪዋ ሰጠሃት? ወይስ አባትህን ስላልቀበርክ እዚያ ሆነህ በእሷ አፍ አለቀስክለት? ይህኛው ከሆነ ቅር አይለኝም ነበር፤ መደበቅህ ነው ያበገነኝ።

ሐሙስ ዕለት ሸቤ ድረስ ሄጄ ሲላስን ይቅርታ ጠየቅኩት። ታዲያ ማን ሰጠው አለኝ። ስምህ ከአፌ ደርሶ ዋጥኩት። ስሙን ካልተናገርሽ ሌባው እኔ እንደሆንኩ መቅረቴ ነው አለኝ። እውነቱን ነው። ሽማግሌዎቹ በታኅሣሥ የመጀመሪያው እሁድ ይሰበሰባሉ። ከዚያ በፊት በገዛ ድምፅህ እኔ ነኝ ብለህ ላክልኝ። ካልላክህ እኔው ቆሜ ስምህን እጠራለሁ፣ እናታችንም እዚያው ተቀምጣ ትሰማለች። ሲላስን በአንተ ቦታ አስቀጥቼ ልኖር አልችልም።

እናታችን ምንም ሳታውቅ ግንባርህን ስማሃለች። ባለቤቴ አልዓዛር እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል፤ ፈድሊያም ከነልጆቿ። ሐዳሳን አቅፈህ ሳምልኝ፣ በእሷ ቂም የለኝም። ጵርስቅላን ጉንጮቿን ሳምልኝ። ዘማሪዋንም የምታውቃት ከሆነ፣ ደግሞ ታውቃታለህ፣ ሰላም በልልኝ። እኔ ያቃተኝን ረጅም ስንኝ አንዲት ቃል ሳትጥል በአንድ ትንፋሽ ዘምራዋለች። እየተናደድኩም ቢሆን ደጋግሜ ሰምቻታለሁ። የማን አባት እንደሆነ ግን ንገራት።

እህትህ አጸደ ሄራሞ
ሰርቦ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.