ከቤቴ ወደ ማሳዬ ዘር ስለማሻገር

ለተከበሩ የእርሻ ምርትና ንግድ ባለሥልጣን ዋና ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ መመሪያዎችዎ የበዛ ይሁን። እኔና ባለቤቴ፣ ወሰን ሲሰመር ቤታችን ከጅረቷ ወዲህ ለአንዱ ክልል፣ ማሳችን ከጅረቷ ወዲያ ለሌላው ክልል ከደረሰ ወዲህ፣ ደህና ነን ለማለት ማንን ማስፈቀድ እንዳለብን ስላላወቅን ዝም ብለናል። ጊዜዎን ላለመሻማት ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የቤቴ ክልል ከውጭ የሚገባውን ስንዴ ለማስቀረት ስንዴ እንድዘራ፣ የማሳዬ ክልል ደግሞ ለባሕር ማዶ ገዢዎች ነጭ ቦሎቄ እንድዘራ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይሉ የነበሩት አባቴ ይህን ሳያዩ ማለፋቸው ይቆጨኛል።

፪. ማሳው ያለበትን ክልል አክብሬ፣ የቦሎቄ ዘሬን በአህያ ጭኜ ልሻገር ስል፣ ድልድዩ ላይ የቆመው ተቆጣጣሪ፣ ከክልል ክልል የሚዘዋወር ዘር የሁለቱንም ማኅተም ይፈልጋል ብሎ መለሰኝ። ተቆጣጣሪው የእህቴ ባል ነው። እሑድ ዕለት ከአንድ ትሪ በልተናል፤ ሰኞ እንደ ባዳ መታወቂያ ጠየቀኝ። ሥራውን እንዲህ የሚያከብር ሰው ስለቀጠራችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፫. የቤቴ ክልል በሁለት ሳምንት ማኅተሙን መታልኝ። የማሳዬ ክልል ግን የእርስዎን መሥሪያ ቤት ጠየቀ፤ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ባሕር ማዶ ጠየቀ፤ ከዚያም ገዢው ዘንድሮ ተለቅ ያለ ፍሬ ሳያምረው እንዳልቀረ ተነገረንና ጉዳዬ እንደገና እስኪጠና እንድጠብቅ ታዘዝሁ። የማላውቀው ሰው የሾርባ ምርጫ ሁለት መሥሪያ ቤት አልፎ እኔ ዘንድ ሲደርስ፣ የእኔ ማመልከቻ ከሁለቱ አንዱንም ማለፍ አቃተው።

፬. ዝናቡ ዘንቦ አበቃ።

ለሚከተለው ጉዳይ ቁጥር አልሰጠሁትም። ጎተራው ባዶ ስለሆነ፣ ባለቤቴ ለሦስት ዓመት ፍሬ በፍሬ እየለቀመች ያስቀመጠችውን፣ ያንኑ ከድልድዩ የተመለሰውን የቦሎቄ ዘር ዛሬ ድስት ውስጥ ጨምራ ጣደችው። ዘሩን የበላ ቤት ለከርሞ ተስፋ እንደሌለው ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። ልጆቹ ስለራባቸው አልከለከልኋትም።

ጦሙን ያደረ ማሳውን ከጅረቷ ማዶ እያየ፣ ቀጣዩን መመሪያዎን በታላቅ አክብሮት የሚጠባበቅ፣

ታዛዥዎ፣ ባለ ሁለት ክልሉ ገበሬ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስሁ፣ ሁለቱም ማኅተም ያረፈበት ፈቃድ ደረሰኝ። ፈቃድ የተሰጠበትን ዘር ለምግብ ማዋል እንደሚያሳስር ግርጌው ላይ አንብቤአለሁ። ለመያዝ የሚመጡት ሰዎች በሩን ቀስ ብለው እንዲያንኳኩ ይዘዙልኝ፤ ልጆቹ ዛሬ ጠግበው ተኝተዋል።