ለግቢዬ የመረጥኩት እሾህ

ከአባቴ ቀጥሎ ለማከብርዎ ለታላቅ ወንድሜ ለአቶ ማሞ ይድረስ። ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ ከሶዶ ሆኜ እጅ እነሣለሁ። ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ክረምቱ እንዴት ያዘዎ? ያ የጉልበትዎ ቁርጥማት በዚህ ዝናብ አገረሸብዎ ወይስ ማረዎ? እትዬ ጣፈጠች እንደምን አሉ? ማሚቱስ ምን አከለች? የእኔን ከጠየቁኝ፣ አምላክ ይመስገን፣ እጄ በእሾህ ከመጫሩ በቀር አንዳች አልሆንኩም። የእጄን ነገር ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ።

በሰኔ የላኩት ደብዳቤ ደርሶኛል። መሪጌታ ገብረሥላሴ ሁለት ጊዜ አነበቡልኝ፤ አንዱ ለመስማት ነበር፣ ሁለተኛው ለመናደድ ሆነ። ይህንንም የሚጽፉልኝ እሳቸው ናቸው። ቃሌን እንዳያለዝቡብኝ አስምዬአቸዋለሁና የሚመርዎ ነገር ቢያገኙ የእኔ እንጂ የእሳቸው አይደለም። እርስዎ ያሉኝ፣ ባልሽ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ልጅ የለሽ፣ አጥርሽን የሚጠብቅልሽ ወንድ የለሽ፣ ግቢውን ለባልሽ ወንድም ለወልደመስቀል ተይለትና ከመስቀል በኋላ በቅሎ ስሰድልሽ ነይ ነው። ጋሼ፣ አልመጣም። ግቢዬንም አልተውም። ከመቆጣትዎ በፊት ግን ይስሙኝ።

ባሌ ገበየው በሕይወት ሳለ በእኛና በወልደመስቀል ግቢ መካከል የእንጨት አጥር ነበር። እሱ በሞተ በዓመቱ እንጨቱ በስብሶ ወደቀ። ወልደመስቀል ላግዝሽ ብሎ በቆረጠው ደረቅ እሾህ አጠረልኝ፤ እኔም እግሩ ላይ ወድቄ መረቅሁት። ብዙ ሳይቆይ ያ እሾህ መራመድ ጀመረ። በየወሩ አንድ እርምጃ፣ ሁልጊዜም ወደ እኔ። በታኅሣሥ በገዛ እጄ የተከልኩትን ጌሾ ከእሱ ወገን ሆኖ አገኘሁት። በመጋቢት ሎሚዬ ተከተለው። ብጠይቀው አጥሩ ድሮም እዚህ ነው፣ ኀዘን ዓይንሽን ጋርዶት ነው አለኝ። ዓይኔማ ደኅና ነው።

የተቆረጠ እሾህ ከተራመደ፣ ሥር ያለው እሾህ እተክላለሁ አልኩ። የቱን እንደምተክል ግን ጨነቀኝ። መሪጌታ ቁልቋል ትከይ አሉ፤ ይህን ሲጽፉ ፊታቸውን አጨማደዱ። የቁልቋል ወተት ዓይን ያጠፋል፣ በሬም ቢደገፈው ይሰበራል። ቀጋ አበባው ያምራል፣ ነገር ግን ወደ ፈለገበት ይንጋደዳልና ድንበር ለሚሻ ሰው አይሆንም። ቀንጠፋ ወልደመስቀልን ያዝ ያደርግልኝ ነበር፣ እኔንም አይለቀኝም እንጂ።

በግንቦት ጎረቤቴ ቦሼ ዳሞታ ላይ ለእንጨት ስትወጣ አብሬ ወጣሁ። ቦሼ የዚህ አገር ተወላጅ የሽማግሌው የጩማ ሚስት ናት፤ የእሷ አማርኛና የእኔ ወላይትኛ ተደጋግፈው ይሄዳሉ። እዚያ ላይ ፍየል ሌላውን ሁሉ ሲግጥ ቆይቶ ሳይነካው የሚያልፈው ቁጥቋጦ አየሁ። ከቅጠሎቹ ሥር ሦስት ሦስት ቀጫጭን እሾህ ቆሟል። አበባው ቢጫ ነው፣ ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል፣ ቅርፊቱ ሲፋቅ ደግሞ እንጨቱ እንደ እርድ ነው። መሪጌታም ስሙን አያውቁትምና ቢጫው እሾህ ብዬዋለሁ። ትልልቁን ልነቅል ስል ቦሼ ሳቀችብኝ። ትልቁ ቦታውን ለምዷል፣ ይሞትብሻል፤ ጥላ ሥር ያደገውንም ተዪው፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠወልጋል፤ ነፋስ የመታውን፣ ከጉልበትሽ በታች ያለውን ምረጪ አለችኝ። ሥሩን በጥፍሯ እየጫረች ቢጫው ደማቅ የሆነውን ለየችልኝ። ከነአፈሩ በእንሰት ቅጠል እየጠቀለልን በሦስት ቀን ሰማንያ ችግኝ አወረድን።

የወልደመስቀልን ደረቅ እሾህ ሰብስቤ አንድ ሳምንት ሙሉ ወጥ ሠራሁበት። ከዚያ መቆፈር ያዝኩ። ስቆፍር የገበየው አጥር የበሰበሰ ጉቶ አገኘሁ፤ ያን ጉቶ እየተከተልኩ ተከልኩ፣ ጌሾዬም ሎሚዬም ወደ እናታቸው ተመለሱ።

የሠራሁትን ስሕተት ደግሞ ልንገርዎ፣ ትንሽ ደስ ይበልዎት። እንደ አባታችን ግቢ ዙሪያውን፣ ፊት ለፊቱን ጭምር አጠርኩት። የዚህ አገር ሰው ቤት ከፊቱ ሣር ያለበት ክፍት ሜዳ አለው። እንግዳ የሚቀመጠው፣ ሽምግልና የሚታየው፣ ሬሳ የሚለቀሰው እዚያ ነው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት በዚያ ሣር ላይ ተቀምጬ አላስተዋልኩትም። በሳምንቱ ቦሼ መምጣት ተወች። ላሟ ወልዳ እንገር እንኳ አልላከችልኝም። ምን በደልኩ ብዬ ጩማ ዘንድ ሄድኩ። ጩማ መሬት መሬት እያዩ፣ ደጁን በእሾህ ያጠረ ሰው አትምጡብኝ ያለ ነው፣ እኛም አልመጣንም፤ ስትሞቺ የት ቆመን እናልቅስልሽ አሉኝ። አፈርኩ፤ ቤቴ ገብቼም አለቀስኩ። በማግሥቱ በደጄ ያሉትን ሃያ ሦስት ችግኞች በእጄ ነቅዬ በወልደመስቀል ድንበር ላይ ሁለተኛ ረድፍ አደረግኋቸው። እጄ የተጫረው ያን ቀን ነው። ቦሼ ከሩቅ ቆማ ስታየኝ ቆየችና ዶማዋን ይዛ መጣች።

ወልደመስቀል መሬቴ ላይ ተከለችብኝ ብሎ ሽማግሌ ጠራ። በነሐሴ መጀመሪያ በዚያው በደጄ ሣር ላይ ተቀመጡ። እሱም ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ብሎ ተረተና የትኛው ወንድ ይመስክርላት አለ። ጩማ ከመካከል ተነሡ። የመጀመሪያውን አጥር ከገበየው ጋር የቆፈርኩት እኔ ነኝ፣ እንጨት ቢበሰብስ ጉድጓዱ አይጠፋም አሉና ከችግኞቼ አጠገብ በዶማ ጫሩ። ጥቁሩ ጉቶ ወጣ። እልፍ ብለው ጫሩ፣ ሌላው ወጣ። ሽማግሌዎቹ ድንበሩ ይኸው ነው፣ የተተከለውን የነካ ከሁላችን ጋር ነው ጠቡ ብለው ተነሡ። ደጄ እንደታጠረ ቢቀር ኖሮ ጩማ በደጄ ሲያልፉ እንኳ ዞር ብለው አያዩኝም ነበር።

አሁን ጋሼ፣ ብቸኛ ነሽ አይበሉኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን ከእርስዎ አፍ ነው የሰማሁት። እህቴን ሜዳ ላይ ጣልኳት ብለው እንደሚያዝኑ አውቃለሁ፤ እኔም እናፍቅዎታለሁ፣ አንዳንድ ቀን ሆዴ ይባባል። ችግኞቹም ገና ከጉልበቴ በታች ናቸው፣ አሥራ አንዱ ደርቀዋል፤ በጋው ምን እንደሚያደርጋቸው አላውቅም። ቢደርቁ ዳሞታ አለ፣ እግርም አለኝ። ባሌን የቀበርኩበትን፣ የሚያለቅስልኝ ሰው የሚቆምበትን ደጅ ትቼ በእርስዎ ቤት ጥግ ይዤ አልቀመጥም።

ለእትዬ ጣፈጠች እጅ ይንሡልኝ፤ በፍቅር የፈተሉልኝ ነጠላ እስካሁን አለ። ማሚቱን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ። ላሳደጉን ለእማማ ፈጠነች፣ ያቺ እልኸኛ ልጅሽ አልተለወጠችም ይበሉልኝ፤ እሳቸው ይስቃሉ። መሪጌታም ሰላም ብለውዎታል፣ ጣታቸው ደክሟል።

በቅሎዋን ከመስቀል በኋላ ይላኳት። ለገንፎ የሚሆን አጃ ይላኩልኝ፣ እኔ ደግሞ ለአባታችን መቃብር ዙሪያ የሚሆን ሃያ ችግኝ፣ ነፋስ የመታውን መርጬ፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ እጭንልዎታለሁ። ኮርቻ ግን አያስጭኑባት። የምትቀመጥባት ሰው የለችም።

እህትዎ ይመኙሻል
ሶዶ፣ ነሐሴ ፳፭ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.