ግራ እግሬ ሐውልት ሊሆን ነው

ሰኞ፣ ጥር 6
ሦስት ሶል ለጠፍኩ፣ አንድ ተረከዝ ቀየርኩ። ከሰዓት ቀራጺው ሱቅ መጣ፤ ለአደባባዩ የወታደሮች መታሰቢያ ወንድም ጋሼን እያየ የሚሠራው። ጫማ ሊያሰፋ መስሎኝ... ለካ የፈለገው እግሬን ነው። ግራውን። ኮሚቴው "ጀግና ሁለት እግር ይኑረው" ብሎታል፤ ወንድም ጋሼ ደግሞ ግራ እግሩን ጦር ሜዳ ትቶ ነው የመጣው። ወንድማማቾች ስለሆናችሁ ይገጥማል አለኝ። መለዋወጫ ሆኜ አረፍኩት።

ረቡዕ፣ ጥር 8
እሺ አልኩ። ምን ነካኝ? ይሄ እኮ "ጠፍጣፋ ነው" ተብሎ ከምልመላ የተመለሰ እግር ነው። ወንድም ጋሼ ብቻውን ዘመተ፣ እኔ ሶል ስለጥፍ ከረምኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ነገር አውርተን አናውቅም። እሱ ይቀልዳል፣ እኔ እስቃለሁ። ቂም ይዞብኝ ይሆን? መጠየቁን ፈራሁ።
ነገሩን ስነግረው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "በስተርጅና ዘመትክ በለኛ" አለ።

ሐሙስ፣ ጥር 16
ጀሶ። እግሬ ላይ ደረቀና ሲላቀቅ ፀጉሬን ነቅሎ ሄደ። ጮኽኩ። ወንድምህ ስንት ሰዓት ሲቆም ቃል አልወጣውም ይለኛል ቀራጺው። እሱን ከኔ ጋር ምን አገናኘው?

ማክሰኞ፣ ጥር 28
የጀሶው ሥራ አለቀ፤ አብረን ሄደን አየነው። ፊቱ ቁርጥ እሱን። ግራ እግሩ ቁርጥ የኔን፣ ጠፍጣፋነቱ ሳይቀር። ቀልዱን ጠበቅኩ... በክራንቹ ዙሪያውን ዞረ፣ ደግሞ ዞረ።
"ይሄ ሰውዬ እኮ ምንም አልሆነም" አለ።
ምሳ አልበላም።

ረቡዕ፣ ጥር 29
ዛሬም ምሳውን ገፋው። ነገ ሐውልቱ በነሐስ ሊሠራ ይወሰዳል።

ሐሙስ፣ ጥር 30
መጋዝ ይዤ ሄድኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ እዚያው ነበሩ፤ ምን ልትሠራ ነው አሉኝ። እግሬን ልወስድ ነው አልኩ። ሐውልቱ የሕዝብ ነው አሉ። ሐውልቱ ይሁን፣ እግሩ ግን የኔ ነው፣ ፈርሜ አልሰጠሁም አልኳቸው። ወደ ቀራጺው ዞሩ፤ እሱ ጣሪያውን ያያል። ቆረጥኩት፣ ከጉልበት በላይ። ቀራጺው መጋዙን ተቀበለኝና ጫፉን አስተካከለው፣ ክራንችም እጨምርበታለሁ አለ። ሰብሳቢው በሩን አላግተው ወጡ። ግን ሌላ እግር የሚሠራበት ጊዜ ከየት ይመጣል?

እሑድ፣ መጋቢት 15
ተመረቀ። ሙዚቃ፣ ንግግር፣ የፀሐይ ቃጠሎ። ሰብሳቢው "አካሉን የሰጠ ጀግና" እያሉ ሐሳቡን የራሳቸው አደረጉት። ይሁንላቸው።
መሸፈኛው ሲነሳ አንዲት ሴትዮ፣ ውይ ምን አግኝቶት ነው አለች። ወንድም ጋሼ ጠጋ ብሎ ነገራት። ፈንጂውን፣ አብረውት የነበሩትን ሦስቱን፣ ማንኛቸው መጀመሪያ ዝም እንዳለ... እኔ ከኋላ ቆሜ ገና ዛሬ መስማቴ ነው።
ስንመለስ ክንዴን ያዘ። ይቅር በለኝ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።
"እዚያ ሆኜ በየቀኑ ፈጣሪን የማመሰግነው በአንድ ነገር ብቻ ነበር" አለ። "አንተ ባለመምጣትህ።"
መንገድ መሐል አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል፤ ይየኝ።