ሾኮ ከአጥሩ ማዶ የዋለበት ዓርብ

ይድረስ ለእታለሜ ለዘቢደር፤

እንዴት ከርመሽልኛል? አዝለሽ ያሳደግሽኝ እህቴ፣ ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ቁርጥማቱ ተወሽ ወይስ የክረምቱን ደመና እየጠበቀ ነው? አያ ብሩስ ሳሉ ለቀቃቸው? ቤቱ፣ ልጁ፣ ጎረቤቱ፣ ላሚቱ ሳትቀር ደህና ናችሁ ወይ? እኛ የእስራኤል አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ጌድዮንም ወደ ፋብሪካው፣ እኔም ወደ አረጋውያኑ ቤት እንደ ልማዳችን እንመላለሳለን። ያንቺ ናፍቆት ብቻ ነው መላ ያጣንለት።

ስልኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን ይህን ነገር በድምፅ ልነግርሽ አልደፈርኩም። ግማሹን ሰምተሽ ግማሹን ብታጪው ልብሽ ይቆማል ብዬ ፈራሁ። ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው አገኘሁና በእጁ ላክሁልሽ። ከሁሉ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ልጄ ኢንባር ደህና ናት። አሁን ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ውሻ ቤት አስገባን ብዬ የነገርሁሽ ጊዜ እንዴት እንደሳቅሽብኝ ታስታውሻለሽ። የአደጋ ማስጠንቀቂያው ሲረን ሌት ተቀን ሲጮህብን በነበረበት ሰሞን፣ እዚህ ኔቬ ዮሴፍ የሰፈራችን ሚክላት በር ላይ፣ ከሮኬት የምንሸሸግበት ምድር ቤት ማለቴ ነው፣ እየተንቀጠቀጠ ኢንባር አገኘችው። በሻርፗ ጠቅልላ ይዛው ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስወጣው! ሾኮ አለችው። እዚህ ልጆች የሚጠጡት ቡናማ ወተት ስም ነው፤ መልኩም እሱን ይመስላል። እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ቤት ውስጥ የሚያድር ውሻ አልዋጥልኝ ብሎ ነበር።

ኢንባር በመጪው ሐምሌ ወደ ጦር ሠራዊት ትገባለች። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ብቻ ለመነችን፦ ኪኔሬት ሐይቅ ዳር በድንኳን አድረን፣ ከሾኮ ጋር ተራራውን እንድንወጣ። ቤት እያለን ሜዳ ማደር ምን የሚሉት ቅብጠት ነው ብዬ አጉረመረምኩ። ጌድዮን ግን የልጁ ነገር አይሆንለትም፤ ሐሙስ ከሥራ ተፈቅዶልን ሄድን። ሐይቁ ከጣና ጋር አይተካከልም፣ ማዶው ወለል ብሎ ይታያል። ውሃው ዳር የባሕር ዛፍ አለ። ድንኳኑን ስንተክል ነፋሱ ሁለት ጊዜ ነጥቆን ሳቅንበት። ያ ሳቅ የመጨረሻችን ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለውን ዳገት ተያያዝነው። ሣሩ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ ፀሐዩ ገና በማለዳው ይጋረፋል። ለከብት ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ አጠገብ ስንደርስ ኢንባር ውሻው ይጠጣ ብላ ማሰሪያውን ከእጇ ለቀቀችው። በዚያች ቅጽበት ከቁጥቋጦው ውስጥ ከርከሮ ዘሎ ወጣ። ሾኮ ማሰሪያውን እየጎተተ ተከተለው። ከርከሮውም እሱም በሽቦ አጥር ሥር ሾልከው ገቡ። ኢንባር ስሙን እየጠራች ሮጠች።

ያኔ ነው አጥሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቢጫ ሰሌዳ ያየሁት። መሐሉ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን አለው። እዚህ አገር ገና እንደመጣን ያስተማሩን ነው፦ ከዚያ ወዲያ ከድሮ ጦርነት የተረፈ ፈንጂ ተቀብሯል ማለት ነው። እንዴት እንደደረስኩባት አላውቅም እታለም። አንድ እግሯ ሽቦውን ተሻግሮ ነበር። ክንዷን ይዤ ጎተትኳት፣ ተያይዘን መንገዱ ላይ ወደቅን። «እማ፣ ልቀቂኝ!» እያለች ትታገለኛለች። ጉልበቷ እንደ ወንድ ነው። እኔ ግን እንኳን ልለቅ፣ ጥርሴንም ብሠካባት ደስ ባለኝ።

ሾኮ ጥቂት እንደሄደ ማሰሪያው እሾህ ቁጥቋጦ ላይ ተጠመጠመበት። ከቆምንበት ይታየናል፤ እየጮኸ ይጎትታል፣ በጎተተ ቁጥር ሰውነቴ ይሸማቀቃል። ጌድዮን ፖሊስ ጠራ። ሺራዝ የምትባል መኮንን መጣችና ማንም ሰው እንዳይገባ አዘዘች። የፈንጂ ባለሙያዎቹ ለውሻ ሲባል በዚያ ቀን ሊገቡ እንደማይችሉ ነገረችን። አዝናለች፣ ዓይኗ ውስጥ ይታያል፤ ግን ቃሏ ያው ነው። ደግሞም አትጥሩት አለችን፤ ከጠራችሁት ደንብሮ በሩጫ ይመጣል፣ ዝም ካላችሁት ግን በገባበት ዱካ ሊመለስ ይችላል። እስቲ አስቢው፣ የምትወጂውን እያየሽ ዝም በይ ስትባዪ!

ኢንባር አፏን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «አንቺ ድሮም አትወጂውም» አለችኝ። ክንዷን ግን አልለቀቅሁም።

ቀኑ እየገፋ ሄደ። የሾኮ ጩኸት መጀመሪያ ወደ ማልቀስ፣ ኋላም ወደ ዝምታ ተለወጠ። ጌድዮን ፀሐይዋን አየና ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ማንአለብሽ፣ አሁን ካልተነሣን ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት መንገድ ላይ ይገባብናል፤ ልጅቱን ይዘን እንሂድ» አለኝ በሹክሹክታ። እውነቱን ነው። በመኪና ተሳፍሮ ሰንበትን መሻር በቤታችን ታይቶ አይታወቅም። እኔ ግን ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦ «እዚሁ እንሰንብት። ከነነፍሱ ትተነው ብንሄድ ይህች ልጅ ዕድሜ ልኳን እዚህ ትቀራለች» አልሁት። ጌድዮን ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ልጁ ራስ ላይ አደረገላትና አጠገቧ ተቀመጠ።

ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ልትገባ ስታዘቀዝቅ ሾኮ ማሰሪያውን ማኘክ ጀመረ። ተበጠሰለት። ተነሣ፣ አፍንጫውን መሬት ላይ ደፍቶ መጣ። ሲቆም እንቆማለን፤ ሲራመድ ትንፋሻችንን እንውጣለን። አንድ ጊዜ ወደ ግራ ታጠፈ። ኢንባር ጥፍሯን መዳፌ ውስጥ ቀረቀረችው፤ እኔም ድምፅ አላሰማሁ። እንደገና አሽትቶ ተመለሰ። በሽቦው ሥር ሲሾልክ መጀመሪያ ያገኘው እኔን ነበር። አፉ ደም በደም ሆኗል። አቀፍሁት፤ አዎ፣ እኔው! ሺራዝ ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጠረገች።

ያን ሰንበት በእግራችን ወደ ድንኳናችን ወርደን፣ ሐይቁ ዳር በተረፈን ዳቦና ቲማቲም ሰነበትን። ጠዋት ኢንባር እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችኝ፤ የጣቶቼ ምልክት ጠቁሯል። «ሐምሌ ላይም እንዲህ ልትይዢኝ ነው?» አለችኝ። ልስቅ ፈልጌ አቃተኝ። አልችልም አልኋት። «ቤሰደር፣ እማ» አለችኝ፤ እሺ፣ ደግ ነው ማለቷ ነው፤ «ምልክት አይቼ እረግጣለሁ።» ከዚያ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ተኛች።

እታለም፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ከእኔ ጋር ተጣልቷል። እዚያ አጥሩን አይቼዋለሁ፣ ክንዷም በእጄ ነበር። ወደምትሄድበት ግን እጄ አይደርስም። አንቺ እኔን ወደዚህ አገር ስመጣ አውቶቡሱ ድረስ ሸኝተሽ፣ ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ አንዲት ዕንባ ሳትወጣሽ የለቀቅሽኝ ምን ብለሽ ነው? ያን ቀን ጨከነችብኝ ብዬ ነበር። እባክሽ ጻፊልኝ፤ እንዴት ነው የሚለቀቀው?

አያ ብሩን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ። ኮኮብን ከነልጆቿ አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ለእማማ ይርገዱ፣ ለጎረቤቱም ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጌድዮን እጅ ነሥቷል። ኢንባር ናፍቃሻለች፤ ሾኮም ይኸው እግሬ ሥር ተጋድሞ ያንኮራፋል። እኔን የጠበቀ አምላክ አንቺንም ይጠብቅልኝ።

ታናሽሽ ማንአለብሽ
ኔቬ ዮሴፍ፣ ሃይፋ
ሚያዝያ ፳፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.